ኮራል ለሚያስታምም ሰው፦ የሃና አልካሊኒቲ መለኪያ

ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቤቱ ገንዳ ውስጥ እያኖረ “ኮራሌ ታመመ፣ ምን ልግዛለት?” ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። መድኃኒቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ መለኪያ ግዛ። ከመለኪያዎቹ መካከል ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዷ ነው፦ ሃና የተባለ ኩባንያ ስለሚሠራት የአልካሊኒቲ ቼከር፣ ማለትም ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ስንቅ ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ስለምትለካ መሣሪያ። ሞዴሏ ኤችአይ772 ይባላል። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያላት፣ በአንዲት ትንሽ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ መሣሪያ ናት። ውጤቱን በዲኬኤች፣ ማለትም በአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ፣ ታሳያለች።

ሳሎን ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ ያለው ሰው ብዙ ዕቃ ይገዛል። መብራት፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ ማጣሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ጠርሙስ በጠርሙስ። ኮራል ሲታመም የጠርሙሱ ቁጥር ይጨምራል። እኔ ግን ሊሞት የደረሰ ኮራል ተቀብዬ ሳስታምም በየቀኑ እጄ የሚሄደው ወደዚህች መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ግምገማዬ ከበሽተኛው ተነጥሎ አይነገርም።

በሽተኛው ትራኪፊሊያ ነው፤ ክፍቱ የአንጎል ኮራል የሚሉት። በተፈጥሮው ከቀይ ባሕር እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ድረስ ይገኛል። ድንጋይ ላይ ከመጣበቅ ይልቅ አሸዋማ ወለል ላይ መቀመጥ ይወዳል። ጤነኛ ሲሆን ሥጋው ውሃ ስቦ ይነፋል። ከአጽሙ ጠርዝ አልፎ ዙሪያውን ይንጠለጠላል። ወደ እኔ ሲመጣ ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ወዳጄ ቤት ሲቀይር ገንዳውን አፈረሰ። በሥራ ብዛት ለወራት ዞር ብሎ ያላየው ገንዳ ነበር። ኮራሉን በከረጢት፣ የገንዳውን ውሃ ደግሞ በጄሪካን ይዞልኝ መጣ። ሥጋው ሟሽሾ አጽሙ ላይ ተጣብቋል። በአንድ በኩል ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ አጽም ገጥጧል። ድሮ ደማቅ ቀይ የነበረው ቀለሙ ገርጥቶ ሮዝ መስሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የነጣ ኮራል ሲያይ ሞቷል ብሎ ይጥላል። ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች፣ ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩትም አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣሉ። ቀለሙም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ኮራሉ ሲጨነቅ፣ ለምሳሌ ውሃው ሲሞቅበት፣ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ይታያል። ነጣ የምንለው ይህን ነው። ነጥቶ ግን ሥጋው አጽሙ ላይ እስካለ ድረስ በሕይወት አለ፤ ተርቧል እንጂ አልሞተም። ሥጋው የለቀቀው ቦታ ነው የሞተው። ሁለቱን መለየት ካልቻላችሁ የእጅ ባትሪ አምጡና ከጎን በኩል አብሩበት። ሥጋ ካለ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ልባስ ታያላችሁ። ባዶ አጽም ደረቅና ሸካራ ነው።

የእኔው በሽተኛ ሁለቱም ነበረው። አብዛኛው አካሉ ገርጥቶ በሕይወት፣ አንዱ ጠርዝ ግን ባዶ።

ጨዋማነቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። ሙቀቱም ደህና። ከዚያ የከረጢቱን ውሃ በቼከሯ ለካሁ። 5.2 አለች። ደግሜ ለካሁ፤ 5.3። የእኔ ዋና ገንዳ 8.1 ነው። የተፈጥሮ ባሕር 7 አካባቢ ነው። ኮራሉ ለምን እንደ ታመመ ከዚህ በላይ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም።

አልካሊኒቲ ማለት ባጭሩ ውሃው ውስጥ ያለው የባይካርቦኔትና የካርቦኔት ስንቅ ነው። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። የሚወጣው ነገር አራጎናይት የሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ስንቁ በየቀኑ ይበላል። የሚተካው ከሌለ ይወርዳል። ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ ስላለ ቶሎ አያልቅም። አልካሊኒቲ ግን ክምችቱ ትንሽ ነው፤ ጉድለቱ ቀድሞ የሚታየው በእሱ ላይ ነው። ደግሞ ውሃው ጥርት ብሎ፣ ዓሣው እየዋኘ፣ ሁሉም ነገር ሰላም መስሎ ነው የሚወርደው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? በዓይን አይታይም። በአፍንጫም አይታወቅም። መለካት ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

አሁን ወደ መሣሪያዋ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ክዳን ያላት የመስታወት ብልቃጥ አለች፤ 10 ሚሊ ሊትር ላይ መስመር ተሰምሮባታል። የገንዳውን ውሃ እስከ መስመሩ ትሞላላችሁ። ከውጭ በደንብ ትጠርጉና ትከቷታላችሁ። ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ ውሃውን ብቻውን አይታ ራሷን ዜሮ ላይ ታቆማለች። ከዚያ ሁለተኛውን ደረጃ ትጠይቃለች። ብልቃጧን አውጥታችሁ 1 ሚሊ ሊትር መመርመሪያ ፈሳሽ በሲሪንጅ ትጨምራላችሁ። ክዳኗን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ ትገለብጣላችሁ። ውሃው ቀለም ይይዛል፤ አልካሊኒቲው ዝቅ ካለ ቢጫ፣ መካከለኛ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከፍ ካለ ወደ ሰማያዊ። መልሳችሁ ትከቷትና ትጫናላችሁ። ከውስጥ ያለው መብራት በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደ ቀረ ታይና ቁጥሩን ታወጣለች። በቃ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከእሷ በፊት የምጠቀመው በጠብታ የሚለካውን ዓይነት ነበር። እሱም መጥፎ አይደለም። በሲሪንጅ ጠብ እያደረጋችሁ ቀለሙ እስኪለወጥ ትጠብቃላችሁ፤ ያፈሰሳችሁትን መጠን ታነቡና ከሰንጠረዥ ጋር ታስተያያላችሁ። ችግሩ ቀለሙን የሚፈርደው ዓይናችሁ መሆኑ ነው። ማታ፣ የገንዳው ሰማያዊ መብራት ክፍሉን ሞልቶት፣ “ይሄ ሮዝ ነው ወይስ ገና ነው?” እያሉ መቆም አለ። ለጤነኛ ገንዳ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ለበሽተኛ ግን በየቀኑ ግማሽ ዲኬኤች ብቻ ከፍ ላድርግ ብሎ ለወሰነ ሰው ያ ጥርጣሬ ራስ ምታት ነው። ቼከሯ ሙግቱን ታቆመዋለች። ዛሬ የለካሁትና ትናንት የለካሁት በአንድ ዓይን የተለኩ ናቸው።

ልብ በሉ፣ ፍጹም ናት አላልኩም። አምራቹ ራሱ የሚሰጠው የስህተት ልክ 0.3 ዲኬኤች ሲደመር ከንባቡ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ 8.1 ስትል እውነቱ 7.4ም 8.8ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር እያዩ መጨነቅ አያስፈልግም። እኔ ዋጋ የምሰጠው ለአንዱ ቁጥር ሳይሆን ለአካሄዱ ነው። በአንድ እጅ፣ በአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ሰዓት ከተለካ ቁጥሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ በግልጽ ይታያል። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። መሣሪያዋ ያለ ደብተር ግማሽ ናት።

አለካኩ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። የጣት አሻራ ንባቡን ያዛባል፤ ብልቃጧን ከክዳኗ በኩል ያዙ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጋር የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋም ታዛባለች፤ ለዚህ ነው አትነቅንቁ፣ ገልብጡ የምላችሁ። ሲሪንጁ ጫፍ ላይም አረፋ ይደበቃል፤ ፈሳሹን ስትስቡ መርፌ እንደሚሰጥ ሰው ወደ ላይ አቁሙና አየሩን አውጡ። ከለካችሁ በኋላ ብልቃጧን በተጣራ ውሃ አለቅልቁ። መስታወቱ ከተቧጨረ ቀይሩት።

ኮራሉን በቀጥታ ዋናው ገንዳ ውስጥ መክተት ይቻል ነበር። ከ5.2 ወደ 8.1 በአንድ ጊዜ መዝለል ግን ለደከመ አካል ሌላ ዱላ ነው። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አትቀይሩ የሚለውን ምክር ብዙ ኮራል አርቢ ይቀበለዋል፤ ለበሽተኛ ደግሞ እኔ ከግማሽ አላሳልፍም። ስለዚህ ለብቻው 40 ሊትር የምትይዝ የሕክምና ገንዳ አዘጋጀሁ። ማሞቂያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ከዋናው ገንዳ የወሰድኩት የማጣሪያ ስፖንጅ፣ ዝቅ ያለ ብርሃን። ዓሣ የለም። ሸርጣን የለም። የደከመ ሥጋ የሚነካካ ምንም ነገር የለም። መነሻ ውሃው ወዳጄ በጄሪካን ያመጣው ነው።

ከዚያ በየቀኑ 4 ሊትር እያወጣሁ 4 ሊትር ከዋናው ገንዳ እተካ ጀመር። ሒሳቡ ቀላል ነው። አሥር በመቶውን 8.1 በሆነ ውሃ ስትለውጡት አልካሊኒቲው 0.3 ገደማ ከፍ ይላል። ወደ 8 እየተጠጋ ሲሄድ የመቀየሩ ጉልበት ይቀንሳል። ያን ጊዜ በቤኪንግ ሶዳ አገዝኩት፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ሳይሆን ንጹሑ ሶዲየም ባይካርቦኔት። ለ100 ሊትር 3 ግራም ገደማ 1 ዲኬኤች ይጨምራል፤ ለ40 ሊትር 1.2 ግራም መሆኑ ነው። በተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ ኮራሉ ላይ ሳይሆን ፓምፑ አጠገብ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። በየማታው ለካሁ። ቁጥሩ እንደ ታሰበው ሲወጣ ማየት ያረጋጋል። አንድ ማታ ከታሰበው በላይ ቢሄድ በማግሥቱ ሶዳው ይቀራል፤ ይህን የምታውቁት ግን ከለካችሁ ብቻ ነው።

ስለ ጠርሙሶቹም ልናገር፣ ምክንያቱም ሁላችንም እንገዛቸዋለን። ሁለት ነገር ሞክሬያለሁ። አንዱ አዮዲን ያለበት የኮራል መንከሪያ ነው። ሥጋ የለቀቀ ጠርዝ ላይ ጀርም እንዳይሰፍር በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ ነከርኩት፤ የነከርኩበትን ውሃ ደፋሁት እንጂ ወደ ገንዳው አልመለስኩትም። ጠርዙ ከዚያ በኋላ አልሰፋም። አዮዲኑ ብቻውን ነው አልልም፤ ግን ደግሜ እጠቀመዋለሁ። ሌላው “ኮራልን በፍጥነት ይመልሳል” ተብሎ የተሸጠልኝ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈበት ማጠናከሪያ ነው። ስሙን አልጠራም። ውስጡ ያለውን የማይነግር ጠርሙስ በሽተኛ ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ምክንያቱም ኮራሉ ቢብስበት በምን እንደ ባሰበት ማወቅ አትችሉም። ከፍቼ ሳልጨርሰው ትቼዋለሁ።

ከጠርሙሶቹ ሁሉ የበለጠ የሠራው ምግብ ነው። አልጌው የወጣበት ኮራል ርሃብተኛ ነው። ማታ መብራቱ ጠፍቶ ትንሽ ሲቆይ ትራኪፊሊያ ከአፉ ዙሪያ ቀጫጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጣቶች ያወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አላወጣም። የቀለጠ የማይሲስ ሽሪምፕ (በረዶ ሆና ለምግብ የምትሸጥ ትንሽ የባሕር ፍጥረት) ጭማቂ ጠብ አደርግና ፓምፑን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ቆይቶ በአንድ በኩል ጥቂት ጣቶች ብቅ አሉ። ያን ማታ አንዲት ሽሪምፕ በመቆንጠጫ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ጣቶቹ ነኳት፣ ያዟት። የአፉ ከንፈር ተላቀቀና ቀስ እያለ ተከፈተ። ሽሪምፗ ስትገባ በዓይን ለመከታተል ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ረጅም ጊዜ ነው የሚወስደው። ገብታ ስትጠፋ ግን ደስታው ሌላ ነው። በጣም ትንሽ ነው የሰጠሁት፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ የተረፈውንም በቱቦ መጠጥኩ። የደከመ ኮራል ብዙ ሲበላ መልሶ ያወጣዋል፤ ውሃውም ይበላሻል።

ባዶው አጽም ላይ ደግሞ አረንጓዴ አልጌ መስፈር ይፈልጋል። አንዴ ሥር ከሰደደ ሥጋው ያንን ቦታ መልሶ ለመሸፈን ይቸገራል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዤ፣ ሥጋው ጋ ሳልደርስ፣ የተበከለውን ብቻ አጸዳለሁ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ሌላ መላም የለውም።

ይህችን መሣሪያ በእውነት ያከበርኳት ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው። አልካሊኒቲው 8 ላይ ከደረሰ በኋላ ለሳምንታት ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ውሃ እለውጣለሁ፣ የማስገባው ውሃ ያው 8.1 ነው፣ ቼከሯም ማታ ማታ 8.0፣ 8.1፣ 8.0 ትላለች። በውስጡ አጽም የሚሠራ ፍጡር ያለበት ገንዳ ቁጥሩ ካልወረደ ያ ፍጡር እየሠራ አይደለም ማለት ነው። በሽተኛዬ በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ግን አልካሊኒቲውን አይነካም።

ከዚያ ዝቅ ማለት ጀመረ። 7.9። 7.8። የተሳሳትኩ መስሎኝ ብልቃጧን አጥቤ፣ ዋናውን ገንዳ አስቀድሜ ለክቼ፣ መልሼ ለካሁ። የዋናው ገንዳ ንባብ እንደ ወትሮው ነው፤ የሕክምናው ገንዳ ግን በእርግጥ ወርዷል። ሌላ ካልሲየም የሚወስድ ነገር እዚያ የለም። የምግቡ መጠንም አልተለወጠም። በሳምንቱ መጨረሻ 7.6 ገባ። በዓይን ሳየው ኮራሉ ከወትሮው የተለየ ነገር አልነበረውም፤ ጠርዙም እንደዚያው ባዶ ነው። ቁጥሩ ግን ስንቁ መበላት እንደ ጀመረ ነገረኝ። ሥጋው በገጠጠው አጽም ላይ ጫፉን ሲያሳልፍ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጫፉ የተድቦለቦለ፣ ወፈር ያለ ነበር። የሚሸሽ ሥጋ ጫፉ ስስና የተቦጫጨቀ ነው። የሚመለስ ሥጋ ጫፉ ክብ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

ከዚያ ወዲህ የሚበላውን ያህል በቤኪንግ ሶዳ እተካለታለሁ። ቀለሙም ከመሐል ጀምሮ ተመልሷል። ብርሃኑን ግን ቀስ ብዬ ነው የጨመርኩት፤ አልጌው ገና ያልሞላ ኮራል ኃይለኛ ብርሃን ይጎዳዋል።

የማትሠራውን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማ አይሆንም። የምትነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ጨዋማነት ሁሉ ሌላ መለኪያ ይፈልጋሉ። ማግኒዚየሙ በሊትር ከ1300 ሚሊግራም በጣም ከወረደ አልካሊኒቲን ይዞ ማቆየት ራሱ ያስቸግራል፤ እሷ ይህን አታውቅም። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሆነው ኮራል ሊገረጣ ይችላል፤ ይህንንም አታውቅም። አንዱ የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠርሙስ ደግሞ 25 ጊዜ ለመለካት ነው የሚበቃው። በየቀኑ ለሚለካ አስታማሚ ወር አይሞላም። በሳምንት አንዴ ለሚለካ ግን ወራት ይሄዳል፤ ስለዚህ ፈሳሹ የሚያልፍበትን ቀን እያያችሁ ግዙ።

ለማን ትሆናለች? ገንዳው ውስጥ ለስላሳ ኮራል፣ ማለትም ድንጋያማ አጽም የማይሠራው ዓይነት፣ ብቻ ያለው ሰው አልካሊኒቲው ቶሎ አይወርድበትም፤ በየሳምንቱ ውሃ እየለወጠ በጠብታ መለኪያ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም። ድንጋያማ ኮራል የያዘ፣ በተለይም አክሮፖራ የሚባለውን ድንጋያማ ኮራል የጀመረ ሰው ግን ቢገዛት ይጠቅመዋል። በሽተኛ የተቀበለ ሰው ዛሬውኑ ይግዛ። ስትገዙ ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ፤ ይቺው ኩባንያ በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ) የምታሳይ እህት መሣሪያም አላት፣ ኤችአይ755 የምትባል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ በፒፒኤም የወጣውን ለ17.9 ብታካፍሉ ዲኬኤች ታገኛላችሁ። እኔ በየማታው ሒሳብ ላለመሥራት 772ን መርጫለሁ። ከመሣሪያዋ ጋርም ሁለት ትርፍ የፈሳሽ ጠርሙስ አብራችሁ ያዙ፤ ማስታመሙ መሐል ላይ ፈሳሽ ማለቅ የለበትም።